የሰዓት ሠሪው አውራ ጣት

ኃላፊያችን እንደሚሉት፣ ደጋፊዎቻችን የሄዱት ኑሮ ስለከበዳቸው ነው። «ሰው መጀመሪያ የራሱን ጣሪያ ነው የሚጠግነው» ይላሉ። ማንም አላስቀየማቸውም፣ ማንም አልበደላቸውም፤ ጊዜው ሲሻሻል ይመለሳሉ።

ሲስተር እንደምትለው ደግሞ፣ የሄዱት ስለሰለቹን ነው። «በየሦስት ወሩ ያው ደብዳቤ! ‹ደኅና ነኝ፣ እጅዎ አይጠር፣ ዕድሜ ይስጥልኝ።› እኔ ብሆን ሁለተኛው ላይ እንቅልፍ ይወስደኛል። ኑሮ የከበደው ሰውማ ደውሎ ይቅርታ ይላል። እነዚህ ግን እንደ ተቀየመ ዘመድ ነው ድምፃቸውን ያጠፉት።»

ሁለቱ በዚህ ጉዳይ ሳይነታረኩ የሚውሉበት ቀን የለም። ቢሯችን አንድ ክፍል ነው፤ የኃላፊው ጠረጴዛ በመስኮቱ በኩል፣ የሲስተር የመድኃኒት ቁም ሣጥን በበሩ በኩል፣ የእኔ ጠረጴዛ መሃል። ክርክሩ በአናቴ ላይ ነው የሚያልፈው። እኔ አቀርቅሬ እጽፋለሁ። ከአርባ አንድ ደጋፊዎች አሥራ ስምንቱ በአራት ወር ውስጥ ጠፍተዋል። ለምን እንደጠፉ እኔ ሦስተኛ መልስ ነበረኝ፤ መልሱም ቀኝ አውራ ጣቴ ላይ ነበር። በሳሙና አሽቼው፣ በሎሚ ፈትጌው፣ ጥፍሬ ሥር የተሸጎጠችው ወይን ጠጅ ቀለም አልለቅ ብላለች።

ሥራችን ለመናገር ቀላል ነው። አልጋ ላይ የዋሉ፣ ራሳቸውን ማዞር የማይችሉ ሰዎችን ቤታቸው ድረስ ሄደን እናገላብጣለን። ሰው በአንድ ጎኑ ብዙ ከተኛ ቆዳው ይሞታል፤ ቁስሉም አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ስለዚህ ሲስተርና ሁለት ረዳቶቿ ጠዋትና ከሰዓት ቤት ለቤት እየዞሩ ያጥባሉ፣ ያገላብጣሉ፣ አንሶላ ይቀይራሉ። እያንዳንዱ ታማሚ ወጪውን የሚሸፍንለት አንድ ደጋፊ አለው። ደጋፊው የታማሚውን ፊት አያውቅም፤ የሚያውቀው በየሦስት ወሩ የሚደርሰውን ደብዳቤ ነው።

ደብዳቤውን የምጽፈው እኔ ነኝ። ሲስተር በታማሚው ካርድ ላይ ምን እንዳለ፣ ምን እንዳሳቀው፣ ምን እንዳመመው ትጽፍልኛለች፤ እኔ ያንን በእሱ አንደበት አሰናዳዋለሁ። ከዚያ ወስዳ ታነብለታለች። ከተስማማበት አውራ ጣቱን ቀለም አስነክታ ግርጌው ላይ ታሳርፈዋለች። ደጋፊዎች ከቃሉ ይልቅ የሚወዱት ይህንን አሻራ ነበር። አንዷ እንዲያውም «እጁን የጨበጥኩት ያህል ነው» ብላ ጽፋልን ታውቃለች።

ከታማሚዎቻችን አንዱ የነበሩት ሰዓት ሠሪ ያረፉት ደብዳቤያቸው ተጽፎ አሻራው ብቻ በቀረበት ቀን ነው። ሲስተር ወረቀቱን እንደ ወሰደችው መለሰችው። «ዛሬ ንጋት ላይ» አለች፤ ካርዳቸው ላይ ቀኑን በቀይ እስክሪብቶ ጻፈችና እጄ ላይ አስቀምጣ ወጣች። ወደ ቀጣዩ ታማሚ መሄድ ነበረባት።

ኃላፊው አንድ ደንብ አላቸው። በመጀመሪያው ዓመት ሦስት የሞት ደብዳቤ ላኩ፤ ሦስቱም ደጋፊዎች ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ሞት የሚነገረው ለደጋፊው ሌላ ታማሚ ከተዘጋጀለት በኋላ ነው። «ምትክ ይገኝና ይነገራል» ይላሉ። ያን ዕለት ምትክ አልተገኘም ነበር። ደብዳቤውን አንሥተው አዩት፣ መልሰው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት፣ «ይኼ መሄድ አለበት» አሉ። ጣትህን አድርግበት አላሉኝም። ጥፋቱ የሳቸው ነው ብል እዋሻለሁ። የቀለሙን ሣጥን የከፈትኩት እኔው ነኝ።

በቀጣዩ ሦስት ወርም ምትክ አልተገኘም፤ እኔም ደገምኩት። ከዚያ ልብስ ሰፊዋ አረፉ። ከዚያ ጡረታ የወጡት ዘበኛ። ሦስት ሙታን በአንድ አውራ ጣት ይፈርሙ ጀመር።

* * *

ሰኞ ጠዋት ኃላፊው የስልክ ቁጥሮች ዝርዝር ሰጡኝ።

«አንተ ትዕግሥት አለህ። ለምን እንደተዉን በትሕትና ጠይቃቸው፤ ቅዳሜ በደጋፊዎች ስብሰባ ላይ ታቀርበዋለህ።»

«እሺ ጋሼ።»

የመጀመሪያው አላነሳም። ሁለተኛዋ «ኑሮ ነው የእኔ ልጅ» አለችኝ። የደገምኩትን ሲሰሙ ኃላፊው ጣታቸውን ወደ ሲስተር ቀሰሩ፤ «ሰማሽ?»

«አንድ ምስክር አገኙ» አለች ሲስተር ፋሻ እየጠቀለለች። «ገና አሥራ ሰባት አለ።»

አራተኛው አንድ ወፍራም ድምፅ ያለው ሰው ነበር። ከየት እንደምደውል ነገርኩት።

«የሚያናግረኝ ማን ነው?»

«ደብዳቤ ጸሐፊው ነኝ፣ ጌታዬ።»

«እሱማ ገባኝ። በሕይወት ያለ ሰው ነህ ወይ ነው የምልህ።»

ሳቀ። ሳቁ ሳያልቅ ስልኩ ተዘጋ። መነጋገሪያው ጆሮዬ ላይ እንደ ተለጠፈ ቀረ።

«ምን አለ?» አሉ ኃላፊው።

«ኑሮ ነው... አለ።»

ሲስተር ቀና ብላ አየችኝ። «ምን ዓይነት ኑሮ ነው በስልክ የሚተላለፈው? አመድ መስለሃል እኮ።»

ሰባተኛው ቁጥር የሰዓት ሠሪው ደጋፊ ነበር። አልፌው ስምንተኛውን ልደውል ነበር፤ ኃላፊው ግን ቆመው ዝርዝሩን በትከሻዬ በኩል እያዩ ነው። ደወልኩ። ገና አንዴ ሳይጠራ ተነሣ።

«እስክትደውል ስጠብቅ ነበር» አሉ አንዲት አሮጊት፣ ማን ነህ እንኳን ሳይሉኝ። «ነገ ጠዋት ቤት ና። ብቻህን።»

* * *

ቤታቸው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃውን ስወጣ የራሴ እግር ኮቴ ከኋላዬ የሚከተለኝ ሰው ኮቴ መሰለኝና ሁለት ጊዜ ዞሬ አየሁ። በሩን ሳላንኳኳ ከፈቱት። አጭር፣ ቀጭን፣ ፀጉራቸው እንደ ጥጥ የነጣ ሴት ናቸው። ጠረጴዛው ላይ የማጉያ መስታወት ተቀምጧል።

«ቁጭ በል። ሻይ ልቅዳልህ?»

«ይቅርብኝ እማማ።»

«እማማ ያልከኝ ልትለማመጠኝ ከሆነ እውነትም ይቅርብህ። አክብረኸኝ ከሆነ ጠጣ።»

ጠጣሁ። ስኒውን በግራ እጄ ያዝኩት፤ ቀኙ ኪሴ ውስጥ ነበር።

«ግራኝ ነህ?»

«አይደለሁም... አዎ።»

«አይደለህም፣ አዎ» ብለው ደገሙት፤ አልሳቁም። ከመሳቢያ ደብዳቤዎች አወጡ፤ እንደ ካርታ ተጫዋች አንድ በአንድ ደረደሯቸው። ሰባት ነበሩ። «ሠላሳ አንድ ዓመት መታወቂያ ክፍል ነው የሠራሁት። ሥራዬ የሰው አውራ ጣት ይዞ ቀለም ላይ መጫን ነበር። ሰው ዕድሜውን ይዋሻል፣ ያባቱን ስም ይለውጣል፣ ፊቱም ያረጃል። ጣቱን ግን ምን ያደርገዋል? ና፣ ጠጋ በል።»

ጠጋ አልኩ። በአምስቱ ደብዳቤዎች ላይ አሻራውን አግድም የሰነጠቀች ቀጭን ነጭ መስመር ነበረች።

«በመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ ነግረውኛል፤ ልጅ ሳሉ የሰዓት ሞላ ተስፈንጥሮ ቆረጣቸው። ይኸው ጠባሳው። አሁን እነዚህን ሁለቱን እይ።» መስታወቱን ወደ መጨረሻዎቹ ገፉት። «ጠባሳ የለም። በሰባ ስምንት ዓመት ዕድሜ የጠፋ ጠባሳ አይተህ ታውቃለህ?»

ስምንተኛ ወረቀት አወጡ። ከበታቻቸው ባለው ፎቅ የሚኖሩት ጎረቤታቸው የልብስ ሰፊዋ ደጋፊ ናቸው፤ ደብዳቤው የእሳቸው ነው።

«ይኼ ጣትና ያ ጣት አንድ ነው። ልብስ ሰፊዋና ሰዓት ሠሪው ምን ሆነው ነው ጣት የሚዋዋሱት? ባልና ሚስት እንኳን አልጋ እንጂ ጣት አይጋሩም።» ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። «መቼ አረፉ?»

«ስምንት ወር ሊሆናቸው ነው።»

«ገንዘቡን በላችሁት?»

«አልበላንም! የዋለው ያሉትን ለማገላበጥ ነው። በእናቴ...» ብዬ መማል ጀምሬ አፈርኩና ተውኩት።

«እኔም እንደዚያ ነው የገመትኩት። ሌባ ብትሆኑማ ተናድጄ በተገላገልኩ። አልተናደድኩም። ፈራሁ።» እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። «ብቻዬን ነው የምኖረው። ያ ሰውዬ ‹ዛሬ ደኅና አደርኩ› ሲሉኝ እኔም ያደርኩ ይመስለኝ ነበር። ለካ የመጨረሻዎቹን ወራት የማወራው ከአፈር ጋር ኖሯል። በመጨረሻው ደብዳቤ ላይ ‹ብርዱ ክፉ ነው፣ ወፍራም ልብስ ይልበሱ› ይላል። ያንን ያለኝ ማን ነው?»

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

«ደግሞ ለበስኩ» አሉ።

ከታች በር ሲዘጋ ሁለታችንም ደነገጥን።

«እኔ ስሞትም እንዲህ ነው ማለት ነው። አንዱ ጣቱን ቀለም ነክሮ ‹ደኅና ነኝ› ይልልኛል፤ ለስንት ወር እንደሆነ እንጃ። ይኼን ካሰብኩ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። የተውኳችሁ ለዚህ ነው። ለሁለት ሰዎች ነገርኳቸው፤ ሁለቱ ለስንት እንደነገሩ አላውቅም።»

እኔ ግን ገመትኩ። ደጋፊ ያገኘነው ሁሌም በአፍ ነበር፤ ጎረቤት ለጎረቤት፣ እህት ለወንድም እየነገረ። በመጡበት መንገድ ነው የተመለሱት።

በር ድረስ ሸኙኝ። «ቅዳሜ እመጣለሁ። ፊት ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ከእናንተ አፍ ከሰማሁት ደብዳቤዎቹ ከቦርሳዬ አይወጡም። ካልሰማሁት ግን ፖሊስ ጣቢያው ከስብሰባ አዳራሹ ማዶ ነው፤ እግሬ እዚያ ድረስ አያቅተውም።» ከዚያ ድንገት «እስቲ አውራ ጣትህን አሳየኝ» አሉ።

አላሳየኋቸውም። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ ወረድኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የበር እጀታ በነካሁ፣ ብርጭቆ ባነሣሁ ቁጥር ራሴን እዚያ ትቼ የምሄድ ይመስለኝ ጀመር።

* * *

ሐሙስ ሲስተር ወጥታ ሳለ ለኃላፊው ሁሉንም ነገርኳቸው። ቆመው ሰሙኝ፤ ከዚያ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ሌላ ማን ያውቃል?»

«ለማወቅ ያልቻልኩት እሱን ነው፣ ጋሼ።»

መስኮቱን ዘጉት፣ ውጭ ማንም ሳይኖር። «ስማኝ ልጄ። እናቴ ሁለት ዓመት ተኝታ ነው የሞተችው። ምግብ እሰጣት ነበር፣ አጠገቧ እቀመጥ ነበር፤ ማገላበጥ እንዳለብኝ ግን የነገረኝ ሰው አልነበረም። ስትገነዝ ጀርባዋን አየሁት። ይህን ድርጅት የከፈትኩት ያንን ካየሁ በኋላ ነው። አሁን አንተ ተነሥተህ እውነቱን ብትናገር የቀሩት ሃያ ሦስቱም ይሄዳሉ። በሁለት ሳምንት ሲስተርንና ረዳቶቿን አሰናብታለሁ። ከዚያ ሾፌሩን ማን ያገላብጠዋል? አንተ?»

ሾፌሩ ከታማሚዎቻችን ሁሉ የከፋ ቁስል ያለባቸው ናቸው። ሲስተር ካርዳቸው ላይ «ሁለት ቀን ከታለፉ ያልቃሉ» ብላ ጽፋለች።

ኃላፊው የተተየበ ወረቀት ሰጡኝ። ርእሱ «በኑሮ መክበድ ምክንያት ስለቀነሱ ደጋፊዎች» ይላል። «ይህን አንብብ። ሴትዮዋ አንዲት ብቸኛ አሮጊት ናት፤ ማን ይሰማታል?» ይህን ሲሉ ወደ እኔ አላዩም። ክፉ ሰው አይደሉም።

ዓርብ ከሲስተር ጋር ካልሄድኩ አልኩ። ሦስት ዓመት በታማሚዎች አንደበት ስጽፍ የአንዳቸውንም ቤት ረግጬ አላውቅም፤ የማውቀው ካርዳቸውን ነው።

«ጸሐፊው ዛሬ ፀሐይ ሊሞቅ ወጣ» አለች ሲስተር። ጓንት ሰጠችኝ።

የሾፌሩ ክፍል ጠባብ ነው፤ አልጋውና አንድ ወንበር ሞልተውታል። እሳቸው ትልቅ ሰው ናቸው፤ በሽታው ሥጋቸውን ቢወስደውም አጥንታቸው እንደ ቤት ምሰሶ ነው።

«ዛሬ አዲስ ረዳት ይዘሽ መጣሽ?» አሉ።

«ደብዳቤዎን የሚጽፈው ልጅ ነው። ይያዙን፣ ወደ ቀኝ ልንታጠፍ ነው።»

«ፍሬቻ አሳይተሻል?»

«አሳይቻለሁ፣ ይልቅ እርስዎ ቀበቶዎን ያጥብቁ!»

እጄን ከትከሻቸው ሥር እንዴት እንደምሰድ፣ ጉልበታቸውን እንዴት እንደማጥፍ፣ ትራሱን የት እንደማስገባ አሳየችኝ። ጀርባቸውን አየሁት። ቁስሉ ውስጥ ሊገባ የሚችለውን የጣት ብዛት በዓይኔ ቆጠርኩና ፊቴን አዞርኩ። እሳቸው አላቃሰቱም፤ ትንፋሻቸውን ብቻ ያዙ። ሲስተር አጥባ ስትጨርስ፣ ያሰብኩትን ሳላጣራ ከአፌ አመለጠኝ።

«አባባ፣ አንድ ነገር ቢሆኑ... ለደጋፊዎ ምን እንድላት ይፈልጋሉ?»

«አንተ!» አለች ሲስተር። «ምን ሟርት ነው?»

«ተዪው፣ ጥሩ ጠየቀ» አሉ ሾፌሩ። «አንድ ጊዜ አውቶቡሴ መንገድ ላይ ተበላሸ። የመጨረሻው ፌርማታ ላይ ሰው እስኪመሽ ዝናብ ሲደበድበው ዋለ፤ ከጣቢያው ሄዶ የነገረው የለም። በማግስቱ ጠግኜ ስመጣ ፌርማታው ባዶ። በሳምንቱም ባዶ። መኪና መበላሸቱን ሰው ይቅር ይላል ልጄ፤ እሱም ዕቃ ይሰበርበታል። ቆሞ ሲጠብቅ መረሳቱን ነው ይቅር የማይለው። እኔ የሄድኩ ቀን ቶሎ ንገራት። እዚያ ዝናብ ላይ እንዳታቆማት።»

ውጭ ስንወጣ ሲስተር እጄን ይዛ አስቆመችኝ። ነገርኳት። ፊቷ ተለዋወጠ።

«ቀኑን በቀይ እየጻፍኩ ካርዱን እጅህ ላይ አላስቀመጥኩም?»

«አስቀምጠሻል።»

«ሦስቱንም? እኔ እኮ የተነገራቸው መስሎኝ ነው!» ቦርሳዋን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረች። «ነገ ምን ልትል ነው?»

«አላውቅም። ተናግሬ ሁሉም ቢሄዱስ?»

«እኔ ሌላ ሥራ አገኛለሁ» አለችና ወደ ሾፌሩ መስኮት ዞር አለች። ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም።

* * *

ቅዳሜ የተሰበሰብነው በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ነው። ከሃያ ሦስቱ አሥራ አምስት ያህል መጡ። ከሄዱትም አምስት ስድስት ሰዎች ከኋላ ቆመው ነበር፤ ከመሃላቸው የትኛው ወፍራም ድምፅ ያለው ሰውዬ እንደሆነ አላወቅሁም፤ ሁሉም እሱ መሰሉኝ። የሾፌሩ ደጋፊ፣ ዳቦ ቤት ያላት ሴት፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበረች። ስታየኝ ፈገግ አለች። ደብዳቤዎቼን ስለምትወድ ነው።

የመታወቂያ ክፍሏ ሴት ፊት ወንበር ላይ ናቸው። ቦርሳቸው ጭናቸው ላይ ነው፤ እጃቸው መዝጊያው ላይ። ቀኑ ሞቃት ነበር፤ እሳቸው ግን ወፍራም ሹራብ ለብሰዋል።

ኃላፊው አመስግነው፣ ቀልደው፣ ጠሩኝ። ተነሣሁ። ወረቀቱን ዘረጋሁት። በላብ የራሰው አውራ ጣቴ ጥግ ላይ ምልክቱን ተወ፤ ጠባሳ የሌለው፣ ሙሉ። የመጀመሪያውን ቃል «በኑሮ» ብዬ ልጀምር አፌን ከፈትኩ። ፊት ወንበር ላይ የቦርሳው መዝጊያ ቀጭ አለ። በመስኮቱ አሻግሬ ሳይ የፖሊስ ጣቢያው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ኃላፊው በዓይናቸው እየለመኑኝ ነው። የዳቦ ቤቷ ሴት አሁንም ፈገግ እንዳለች ናት፤ ልክ ፌርማታ ላይ አውቶቡስ ከሩቅ ያየች ይመስል።

ወረቀቱን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩ።

«ሪፖርቱን አላነበውም» አልኩ። «መጀመሪያ ሞታቸውን ያልነገርናችሁን ሦስት ሰዎችና ያረፉበትን ቀን እናገራለሁ። ከሞቱ በኋላ የደረሷችሁን ደብዳቤዎች የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ጣቱም የእኔ ነው፤ የሚጠይቀኝ ካለ እዚሁ እጠብቃለሁ። የሚሄድ ሰው ይሂድ። ሾፌሩን ግን ነገ ጠዋት ሲስተር ባትመጣ የማገላብጣቸው እኔ ነኝ።»